የቤት ኢንተርኔት ስልክ ለምን ይቆራረጣል? የዛሬ ማታ ጥያቄና መልስ

ሰላም ጎረቤቶች። የቤት ኔትወርክና የአይፒ ስልክ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ፣ መትከል ሥራዬ ነው። ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ስልኩን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኝታችሁ ሞክሩ። በኬብል ካልሞከራችሁ ጥፋቱ የዋይፋዩ ይሁን የመስመሩ እኔም እናንተም አናውቅም።

ከአያት ሰፈር፦ ወንድሜ፣ ቤታችን ፋይበር ነው። ስፒዱን ስለካው 25 ሜጋ ይላል። ካናዳ ያለው ልጄ ግን ድምፅሽ ይቆራረጣል ይለኛል። እኔ እሱን ጥርት አድርጌ ነው የምሰማው። በኬብልም ያው ነው።

መልስ፦ እናቴ፣ እንደ እርስዎ የሚጠይቅ ሰው ይብዛልኝ። እርስዎ እየሰሙ እሱ ካልሰማ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከቤትዎ የሚወጣው መንገድ ነው፤ አፕሎዱ ማለቴ ነው። 25 ሜጋው እዚህ ላይ ምንም አይነግረንም። ጂ.711 በሚባለው የድምፅ አላላክ የሚሄድ አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ነው የሚፈልገው።

ድምፅዎ በየ20 ሚሊሰከንዱ እየተቆረጠ፣ በሰከንድ 50 ትንንሽ ፓኬት ሆኖ ይወጣል። በዚያው ሰዓት የአንዱ ልጅ ስልክ ፎቶ ወደ ክላውድ እየጫነ ወይም በቴሌግራም ቪዲዮ እየላከ ከሆነ፣ ራውተሩ ውስጥ ሰልፍ ይፈጠራል። የእርስዎ ድምፅ ልክ እንደ ማታ የታክሲ ሰልፍ ከኋላ ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል። ፎቶው ቢዘገይ ማንም አይጎዳም። ድምፅ ግን ከዘገየ ተቀባዩ ስልክ ይጥለዋል፤ ልጅዎ ተቆራረጠ የሚለው ያንን ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአንድ አቅጣጫ የሚመክረው መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው።

እንዲህ ይፈትሹት። በኬብል ከተያያዘ ኮምፒውተር ላይ ወደ 8.8.8.8፣ ማለትም ወደ ጉግል ሰርቨር፣ ሳያቋርጡ ፒንግ ያድርጉ፤ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ ነው። በሚሊሰከንድ የሚያሳየውን ቁጥር ይዩ። ከዚያ በሌላ ስልክ ትልቅ ቪዲዮ መላክ ይጀምሩ። ቁጥሩ ወደ ብዙ መቶ ከዘለለ ጥፋቱ ተገኘ።

ከሰበታ፦ የኔ ኔትወርክ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው የማይሠራው? በኬብል ነው በዋይፋይ? የማይሰማው አንተ ነህ ወይስ ያኛው? ሁልጊዜ ነው ወይስ ማታ ብቻ? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

ከአያት፦ ሞከርኩት። 38 የነበረው ቁጥር ቪዲዮ መላክ ስጀምር 600 አለፈ።

መልስ፦ በቃ፣ ያው ነው። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ኪውኦኤስ (QoS) የሚል ይፈልጉ፤ የትኛው ፓኬት እንደሚቀድም የሚወስነው ነው። ምንም ነገር በማይጫንበት ሰዓት አፕሎዱን ይለኩና ከዚያ 85 ወይም 90 በመቶውን ገደብ አድርገው ያስገቡ። ያኔ ሰልፉን የሚይዘው የእርስዎ ራውተር ይሆናል፤ ድምፁንም ማስቀደም ይችላል። ኦፕንዋርት የሚባለውን የራውተር ሶፍትዌር የሚቀበል ራውተር ላለው ደግሞ ኬክ የሚባለው የሰልፍ አያያዝ ከሁሉም ይሻላል። ይህን ነገር ለስንቱ ቤት ነገርኩ! ሰው ግን ፓኬጅ ለማሳደግ ነው የሚሮጠው። ራውተሩ ኪውኦኤስ ከሌለው በጥሪ ሰዓት የፎቶውን አውቶማቲክ መጫን ያጥፉት።

ከለገጣፎ፦ ይጠራል፣ ይነሳል፣ ግን አንዱ ወገን ብቻ ነው የሚሰማው።

መልስ፦ ያ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም። ብዙ ጊዜ ራውተሩ ድምፁ የሚመጣበትን አድራሻ አበላሽቶት ነው። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ሲፕ ኤኤልጂ (SIP ALG) የሚለውን፣ የጥሪውን አድራሻ የሚነካካውን፣ አጥፋና ራውተሩንም ስልኩንም አስነሳ። ጥሪው በ30 ሰከንድ አካባቢ ራሱ የሚቋረጥባችሁም መጀመሪያ ይህንኑ አድርጉ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ፋይበር እስኪመጣ መጠበቅ ምን ያደርጋል? ፎርጂ ራውተር ግዙና ተገላገሉ።

ከጀሞ፦ ፎርጂ ለስልክ አይሆንም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሞክረኸዋል?

ከቱሉ ዲምቱ፦ አዎ፣ ከእህቴ ጋር የማወራው ማታ ነው። ያንተ ሰፈር ታወሩ ይሆናል።

ከጀሞ፦ ታወሩ ከበራችን ፊት ነው!

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ የሌላውን ሰው ጊዜ አትውሰዱ። ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የምትናገሩት። ታወር የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚካፈለው ነው። ማታ ሁሉም ቤት ሲገባ ይጨናነቃል፣ ቅርብ መሆን ብቻውን አያድንም። የሲግናሉን መስመር ብዛት ተዉት። ራውተሩ ገጽ ላይ ኤስአይኤንአር (SINR) የሚለውን ቁጥር እዩ፤ ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳይ ነው። ከ20 በላይ ከሆነ ግሩም ነው። ወደ 0 ከወረደ ራውተሩን ወደ መስኮት እያዞራችሁ ቁጥሩ የሚጨምርበትን ቦታ ፈልጉ።

ከቡራዩ፦ የኔም ይቆራረጣል። ዋይፋይ ነው የምጠቀመው።

መልስ፦ በኬብል ሞክሪ እህቴ። ከላይ ብያለሁ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ኮንዶሚኒየም ነኝ። ኬብል መዘርጋት አልችልም። ዋይፋዩ ሙሉ ያሳያል ግን ይቆራረጣል።

መልስ፦ ሙሉ ማሳየቱ የጎረቤትህን ዋይፋይ አያስቆምም። ስልክህ ከቻለ ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዛውረው። 2.4 ላይ ከቀረህ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 አንዱን ምረጥ፤ በመካከላቸው ያሉት ሁለቱንም ወገን ይነካሉ። ለሙከራ ግን አምስት ደቂቃ ራውተሩ ሥር ቁመህ በኬብል ማውራት ትችላለህ። ኬብል ስል ግድግዳ ብሱ ማለቴ አይደለም።

ከገላን፦ መርካቶ የትኛውን ስልክ ልግዛ?

መልስ፦ ሞዴል አልመርጥም። የኬብል ቀዳዳ ይኑረው።

ከዱከም፦ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ተቀብሎ በአገር ውስጥ ቁጥር ስለማሳለፍስ?

መልስ፦ እሱ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል ነው። አልመልስም።

ከአያት፣ ሌላ ሰው፦ የራሴን ድምፅ መልሼ እሰማለሁ። ስልኬ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሚሰማው ሰው ዘንድ አይደለም። ያኛው ስፒከሩን ከፍቶ ማይኩ ያንተን ድምፅ መልሶ እየያዘው ነው። ድምፁን ይቀንስ ወይም ኢርፎን ያድርግ።

ከሱሉልታ፦ መብራት ሲሄድ ጥሪው ይቋረጣል። ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ፣ ገዛሁ፣ አሁንም ይቋረጣል።

መልስ፦ የፋይበሩ ሳጥን ለብቻው ከሆነ እሱም መብራት ይፈልጋል። ስልኩ ወይም ተራ ስልክን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘው አዳፕተርም እንዲሁ። ሦስቱንም ዩፒኤሱ ላይ ሰካቸው። ከመሰካትህ በፊት ግን የእያንዳንዱን ጀርባ አንብብ፤ 9 ቮልት የሚፈልገውን 12 ላይ ከሰካኸው ሊቃጠል ይችላል።