በባለመሬቱ ሣጥን ውስጥ ያሉ ስሞች

የታሪክና የቤተ መዛግብት ሙያ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ወረቀት ሲቀርብላችሁ አስቀድማችሁ የምታነሡት ደብዳቤዎቹን መሆኑን አስተውያለሁ። እኔ ግን ደረቅ ከሚመስሉት ከኑዛዜው፣ ከሽያጭ ውሉና ከንብረት ቆጠራው ጀምሩ እላችኋለሁ።

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የነበሩትን የቤኔሃንና የካሜሮን ቤተሰቦች ሰነዶች ተመልከቱ። የሕግ ባለሙያው ደንከን ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1803 የባለጸጋውን የሪቻርድ ቤኔሃንን ልጅ አገባ፤ የሁለቱ ቤት ሀብት ተደማምሮም በ1860 ወደ 30,000 ኤከር መሬትና ወደ 900 በባርነት የተያዙ ሰዎች ደረሰ። በቻፕል ሂል ከተማ ባለው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በሚገኙት በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ በባርነት ከተያዙት ሰዎች ሕፃን ሲወለድ ከስሙ ጋር የእናቱ ስም ይጻፋል፤ የአባቱ ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህ የጸሐፊው ቸልተኝነት አይደለም። በሕጉ ልጅ የእናቱን ዕጣ፣ ማለትም ባሪያ ወይም ነፃ መሆኗን፣ ስለሚከተል የእናቱ ስም የባለቤትነት ማስረጃ ነበር፤ ጋብቻቸው በሕግ ስለማይታወቅ ግን አባቱን መመዝገብ ለጌታው አይጠቅመውም ነበር። ከስማችን ቀጥሎ የአባታችንን ስም ለምንጠራ ለእኛ ይህ ባዶ ቦታ እጅግ ይከብዳል።

ሆኖም ወላጆቹ ልጆቻቸውን በአባታቸው ወይም በአያታቸው ስም ይሰይሙ ስለነበር፣ አንድን ስም ከዓመት ዓመት በትዕግሥት የተከተለ ሰው ሕጉ የዘለለውን ዝምድና ፍንጭ ያገኛል፤ የስም መመሳሰል ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ስሙ ድንገት ከዝርዝሩ ቢጠፋም ሰውየው ሞቷል ብላችሁ አትደምድሙ። የደንከን ልጅ ፖል ካሜሮን በ1844 114 ሰዎችን ወደ አላባማ ልኳልና የጠፋው ስም በሌላ ግዛት ወረቀት ላይ ሊገኝ ይችላል።

በ1850 እና በ1860 በተደረጉት የመንግሥት ቆጠራዎች ባሪያዎች በጌታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ተመዘገቡ እንጂ በጥቂት ቦታዎች ካልሆነ በቀር ስማቸው አልተጻፈም። ነፃ የወጡት ሰዎች ሁሉ በየስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ አያቶቹን የሚፈልግ ሰው እንግዲህ የሚሄደው የባለመሬቱ ወረቀት ወደተቀመጠበት ሣጥን ነው።

በወጣትነቴ አንድን እንዲህ ያለ ሣጥን «የእርሻ ንብረት ዝርዝር» ብዬ መዝግቤ አለፍሁ። ከዓመታት በኋላ አንዲት አዛውንት የቅድመ አያታቸውን እናት ስም ይዘው ሲመጡ የለም ብዬ መለስኋቸው። ስሟ ግን በዚያው ሣጥን ውስጥ፣ በበቅሎዎችና በማረሻዎች መካከል፣ ከነዋጋዋ ተጽፎ ኖሯል። ባገኘሁት ጊዜ አዛውንቷ በሕይወት አልነበሩም። ስለዚህ መዝገብ ስታዘጋጁ የባለመሬቱን ቤተሰብ ብቻ አትዘርዝሩ፤ የእያንዳንዱን ሰው ስም በሰነዱ ላይ እንደተጻፈ፣ ከእናቱ ስምና ከገጹ ቁጥር ጋር አስፍሩት።