በኪራይ ቤቴ ግድግዳ ላይ ራሴ ዎልፔፐር ለጠፍኩ፤ ሊያስወጡኝ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ "አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ እኖራለሁ። ውላችን የሁለት ዓመት ነው፤ ወረዳ ተመዝግቧል። የሳሎኑ ቀለም ተላልጦ ስላስጠላኝ ለአከራዬ ደወልኩና 'እትዬ፣ ዎልፔፐር ልለጥፍበት?' አልኳቸው። 'የምትኖሪበት አንቺ፣ እንዳሻሽ አሳምሪው' አሉኝ። አራት ጥቅል ገዝቼ በሁለት ቅዳሜ ራሴ ለጠፍኩት። ለእንቁጣጣሽ መጥተው ቡና ጠጡ፤ 'እንዴት አምሮበታል!' ብለውም ሄዱ። አሁን እሳቸው ስለታመሙ ቤቱን የሚከታተለው ልጃቸው ነው። ሰሞኑን መጣና ጥጉን ይዞ ሳብ ሲያደርገው ስቱኮው አብሮ ተነሳ። ከሥሩ ደግሞ ጥቁር ሻጋታ ወጣ። ግድግዳው ከሻወር ቤቱ ጋር ይዋሰናል። ልጁ 'ግድግዳውን አበላሽተሻል፣ የከፈልሽው የሁለት ወር አይመለስም፣ በአንድ ወር ልቀቂ' አለኝ። ውሉ ላይ 'ተከራይ ያለ አከራይ ፈቃድ በቤቱ ላይ ለውጥ አያደርግም' የሚል አለ። ምን ይሻለኛል?"

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። የቀረውን ዎልፔፐር በንዴት ገሽልጠሽ እንዳትጥዪው። ያ ግድግዳ አሁን ማስረጃሽ ነው።

የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ልጁ የሳበው ጥግ ከመዳፍ አይበልጥም። ስቱኮው ከወረቀቱ ጀርባ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰባብሮ ተጣብቋል። ሻጋታው ግን እዚያ ጥግ ላይ አይደለም የሚጀምረው። ከላይ፣ ጣሪያውና ግድግዳው ከሚገናኙበት ይነሳና እየሰፋ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ፊትሽ ያሉት ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው። ልጁ አንድ አድርጎ ነው የነገረሽ። አንቺም እንደ አንድ ይዘሽው ተጨንቀሻል።

ከፈቃዱ ልጀምር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ "ዎልፔፐር እኮ ቀላል ነገር ነው፣ ለውጥ አይባልም" የሚለውን ክርክር ዋና ጋሻሽ አታድርጊው። ግድግዳ አላፈረስሽም፣ በር አልከፈትሽም፤ ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ሙጫ የነካው ግድግዳ እንደ ድሮው አይሆንምና ዳኛው ለውጥ ነው ሊል ይችላል።

ያንቺ ጠንካራ ነጥብ ሌላ ነው። ውሉ የሚለው "ያለ አከራይ ፈቃድ" ነው። "ያለ ጽሑፍ ፈቃድ" አይልም። እትዬ በአፋቸው ፈቅደውልሻል፤ የቃል ፈቃድም ፈቃድ ነው። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። ፈቅደውልኛል የምትዪው አንቺ ስለሆንሽ የማስረዳቱ ሸክምም ያንቺ ይሆናል። የስልክ ዝርዝር መደወልሽን እንጂ ያወራችሁትን አያሳይም። ስትደውዪ አጠገብሽ ሆኖ የሰማ ሰው አለ? ጎረቤት፣ እህት፣ ጓደኛ? ካለ ስሙን አሁኑኑ ጽፈሽ ያዢ።

የእንቁጣጣሹን ቡና ደግሞ በቀላሉ አትለፊው። አንቀጽ 1682 ዝምታ መቀበል አይደለም ይላል። እትዬ አይተው ዝም ብለው ሄደው ቢሆን ኖሮ ብዙም አይጠቅምሽም ነበር። እሳቸው ግን ዝም አላሉም፤ አድንቀው ነው የሄዱት። የዚያን ቀን ፎቶ ተነስታችኋል? እሳቸው ተቀምጠው፣ ሲኒው እጃቸው ላይ ሆኖ፣ ከኋላ ዎልፔፐሩ የሚታይበት አንድ ፎቶ ካለ ከብዙ ምስክር ይሻላል። ስልክሽን ፈትሺ። ቡናውን አብረው የጠጡትንም ጠይቂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኔ ያደግኩት ጋዜጣ በተለጠፈበት ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ለዘመን መለወጫ ዱቄት በውሃ አፍልታ ማጣበቂያ ትሠራና አሮጌውን ጋዜጣ በአዲስ ትሸፍነው ነበር። አንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ተለጥፎ አንገቴን አጣምሜ አነበው እንደነበር እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ያ ቤትም የኪራይ ቤት ነበር። ሰው የሚኖርበትን ቤት ማሳመሩን እንደ ጥፋት ሲቆጥሩበት ደሜ ይፈላል። አንቺ ያደረግሽውም እናቴ ካደረገችው የተለየ አይደለም።

ወደ ማስወጣቱ ልምጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ውላችሁ ደግሞ በጽሑፍ ነው፣ ተመዝግቧልም። አከራይ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስላሰኘው ብቻ ተከራይ ማስወጣት አይችልም፤ አዋጁ የሚያውቀው ምክንያት ያስፈልገዋል። ኪራይ አለመክፈል አንዱ ነው። በቤቱ ላይ ጉዳት ማድረስም አለበት። ልጁ ሊንጠለጠልባት የሚችለው በዚህችኛዋ ነው። መዳፍ የምታህል ስቱኮ ግን፣ ያውም እሱ ራሱ ስቦ የገነጠላት፣ ውል ለማፍረስ የምትበቃ አይመስለኝም። በዚያ ላይ በመርህ ደረጃ ግዴታሽን አልተወጣሽም የሚል አከራይ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንድታስተካክዪ ጊዜ ሊሰጥሽ ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 ሐሳብ ይኸው ነው። በር ላይ ቆሞ "ልቀቂ" ማለት ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

ደግሞስ ልጁ በማን ስም ነው የሚናገረው? ውሉን የፈረሙት እትዬ ናቸው። ልጅ መሆኑ ብቻ ወኪል አያደርገውም። በጨዋ አነጋገር "ወንድሜ፣ ውክልናህን ብታሳየኝ?" በዪው። ካሳየሽ ከእሱ ጋር ትነጋገሪያለሽ። ካላሳየሽ ቃሉ ውሉን አያቋርጥም። ኪራዩን ግን አንድ ቀንም አታሳልፊ፤ እንደ ወትሮው በባንክ አስገቢና ደረሰኙን ያዢ። ሰው እውነት ይዞ የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ ተናድዶ ኪራይ ሲያቆም ነው።

ስለ ሁለት ወሩ ገንዘብ ውልሽን አውጪና እንደገና አንብቢው። ምን ብሎ ይጠራዋል? በአዋጁ መሠረት አከራይ ሊቀበል የሚችለው ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ውሉ ውስጥ "ቅድሚያ ክፍያ" ተብሎ ከተጻፈ አስቀድመሽ የከፈልሽው ኪራይ ነው፤ የምትኖሪበት ገንዘብ ነው። ለጉዳት የተያዘ ማስያዣ አይደለም። በሰፈሩ ሁሉም "ዲፖዚት" ስለሚለው ነው የሚምታታው። "ለጉዳት መያዣ" ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ሊነካ የሚችለው በተረጋገጠው ጉዳት ልክ ነው። መዳፍ ለምታህል ስቱኮ የሁለት ወር ኪራይ መውሰድ ልክ አይደለም።

አሁን ሻጋታው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ አንቺም ትንሽ ድርሻ ሊኖርሽ ይችላል። ቀለሙ ተላልጦ ነበር ብለሻል። ከሻወር ቤት ጋር የሚዋሰን ግድግዳ ቀለሙን የሚጥለው ብዙ ጊዜ እርጥበት ሲኖረው ነው። ያንቺ ዎልፔፐር ከፎቶው እንደማየው ላስቲክነት ያለው፣ ራሱ የሚጣበቀው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳውን አያስተነፍሰውም። እርጥበቱ ከውስጥ ይታፈንና ሻጋታ ይሆናል። ልጁ ጠበቃ ቢይዝ የሚያነሳው ይህንን ነው።

ይሁን እንጂ ውሃውን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም። ከላይ ያለው ቤት ሻወር ያፈሳል ወይስ በግድግዳው ውስጥ ያለፈ ቧንቧ ተበስቷል? ይህ ትልቅ ጥገና ነው፤ በመርህ ደረጃ የአከራይ ዕዳ ነው። ያንቺ ዕዳ እንዳወቅሽ ቶሎ መናገር ነው። ሻጋታውን አይተሻል፣ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ዝም ባልሽ ቁጥር ነገሩ ወደ አንቺ ይዞራል። የቧንቧ ባለሙያ ጠርተሽ አሳዪና ምክንያቱን በወረቀት ጽፎ እንዲፈርምልሽ አድርጊ። ከመለጠፍሽ በፊት የተነሳሽው ፎቶ ካለ፣ የተላለጠው ቀለም የሚታይበት፣ እሱም ወርቅ ነው።

"ስወጣ ዎልፔፐሩን ይዤ ልሂድ?" የሚል ሐሳብ ካለሽ ተዪው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1132 ከአንድ ነገር ጋር ተጣብቆ ያንን ነገር ሳያበላሹ ሊለዩት የማይቻለውን የነገሩ አካል አድርጎ ያየዋል። መጋረጃሽ፣ መብራትሽ፣ በብሎን የሰቀልሽው መስታወት ያንቺ ነው። የተለጠፈው ግን ከግድግዳው ጋር ሄዷል። ወጪውን መልሱልኝ ማለትም አስቀድማችሁ ስላልተነጋገራችሁበት ብዙ ተስፋ አልጥልበትም።

በስምምነት ይነሳ ከተባለ በደረቁ አትሳቢው። ራሱ የሚጣበቀው በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ ሙጫው ይላላል። ከላይ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ፣ ከግድግዳው ሳታርቂ ወደ ታች ሳቢው። በሙጫ የሚለጠፈው ወረቀት ከሆነ ደግሞ ለብ ባለ ውሃ በስፖንጅ አርሰሽ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቂና በስፓቱላ ግፊው። ሶኬት አካባቢ ስትደርሺ ከቆጣሪው አጥፊ። እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንሺ።

ገና ያልለጠፋችሁ አንባቢዎችም አላችሁና ለእናንተ አንድ ቃል። ፈቃዱን በቴሌግራም ወይም በኤስ ኤም ኤስ ጠይቁ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አያጣም ብሏል። "ስወጣ ይነሳ ወይስ ይቅር?" የሚለውንም እዚያው ጨርሱ። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ቁም ሣጥን ጀርባ ለጥፋችሁ ከሁለት ቀን በኋላ ንቀሉት። ስቱኮው አብሮ ከተነሳ ያ ግድግዳ ቀለም እንጂ ዎልፔፐር አይችልም።

እህቴ፣ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድሽ በፊት ሁለት በር አለ። አንዱ ውላችሁ የተመዘገበበት የወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው፤ ልጁ ማስፈራራቱን ከቀጠለ ውሉን፣ ደረሰኙንና ፎቶውን ይዘሽ አቤት በዪ። ከእሱ የሚቀድመው ግን እትዬ ራሳቸው ናቸው። የታመመ ሰው ይጠየቃል፤ ሄደሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ይህንን ላኪላቸው። ስልካቸው በልጃቸው እጅ ነው ብለሽ ከሠጋሽ በወረቀት ጽፈሽ ሰው ባለበት ስጫቸው፣ ቅጂውንም ያዢ። የሆነውን ነው የምትጽፊው፣ ምንም ተንኮል የለበትም።

"እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ሆነ? በስልክ 'እንዳሻሽ አሳምሪው' ብለው በፈቀዱልኝ መሠረት ሳሎኑ ላይ ዎልፔፐር መለጠፌን ያስታውሳሉ፤ ለእንቁጣጣሽ መጥተውም አይተውታል። አሁን ከሻወር ቤቱ በኩል እርጥበት እየገባ ግድግዳው ሻግቷል፤ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ታይቶ እንዲጠገንልኝ እጠይቅዎታለሁ። ጥጉ ላይ የተነሳችውን ትንሽ ስቱኮ እኔ አስጠግናለሁ። ዎልፔፐሩ ይነሳ ካሉም በጥንቃቄ አነሳዋለሁ። መልስዎን እጠብቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይማርዎት።"