«ውለዱ ክበዱ» ሲባል ማይኩ ሽሽሽ አለ
(የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሀበሻ ሰርግ ላይ ሳውንድ እሰራለሁ። ያገለገሉ አምስት ዋየርለስ ማይኮች ከነሪሲቨራቸው በርካሽ አገኘሁና ገዛሁ፣ ጀርባቸው ላይ 626-668 ይላል። ከሰዓት ስሞክራቸው አንደኛ ነበሩ፣ ማታ አዳራሹ ሲሞላ ግን ጉድ ሰሩኝ፣ የሙሽራዋ አባት ሊመርቁ ተነስተው «ውለዱ ክበዱ» ሲሉ ግማሹ ሽሽሽ ሆነ። ጓደኛዬ የስልክ ኔትወርክ ነው የሚረብሽህ ይላል። እውነት ነው? ፈቃድ ምናምንስ ያስፈልጋል እንዴ? ካልሆነም አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልልክለት አስቤያለሁ።

መልስ፦ ጓደኛህ ግማሹን አግኝቶታል፣ በህጉ ዓይን ግን ረባሹ አንተ ነህ ወንድሜ። ድሮ ማይኮች የሚሰሩት ቲቪ ጣቢያ ባልያዘው ቻናል ውስጥ ተሸጉጠው ነበር። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ከ698 እስከ 806 ሜጋኸርዝ (የሬዲዮ ሞገድ መለኪያ ነው፣ ያንተም 626-668 በእሱ ነው) ያለው በ2010 (በፈረንጆቹ) ተዘጋባቸው፣ ከዛ ኤፍሲሲ (የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የ600 ሜጋኸርዙን ሰፈር ለጨረታ አወጣው፣ በ2017 ጨረታው ሲያልቅ 19.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገባ፣ የስልክ ኩባንያው ቲሞባይል ብቻውን ወደ 8 ቢሊዮን ከፈለ። ማይክ ያለው ሁሉ እስከ ጁላይ 13፣ 2020 ለቀህ ውጣ ተባለ። ያገለገለ ማይክ በርካሽ የሚሸጥልህ ታዲያ ለምን ይመስልሃል?

አሁን ከ617 እስከ 652 የስልክ ታወሩ ወደ ስልኮች የሚልክበት ነው፣ ከ663 እስከ 698 ደግሞ ስልኮቹ የሚመልሱበት። ስለዚህ ያንተ ማይክ አብዛኛው ቦታው የታወሩ ሰፈር ነው። ከሰዓት የሰራልህ አዳራሹ ባዶ ስለነበረ ነው፣ ማታ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እስክስታ ሲመታ የሰው ገላ ሲግናል ይውጣል፣ የማይክህ ሲግናል ሲዳከም የታወሩ ይበልጠዋል፣ በቃ ሽሽሽ። መሃል ላይ ከ657 እስከ 663 ያለ ፈቃድ የምትፈቀድ ቀጭን ክፍተት አለች፣ ግን ኃይሉ ከ20 ሚሊዋት መብለጥ የለበትም፣ አምስት ማይክ እዛ ማጨቅ ደግሞ ራስ ምታት ነው፣ አልመክርህም።

ፈቃዱን ተወው። እሱ በአብዛኛው 50 እና ከዛ በላይ ማይክ በቋሚነት ለሚያንቀሳቅሱ የሳውንድ ካምፓኒዎችና አዳራሾች ነው። አንተ ከ470 እስከ 608 ባለው ውስጥ ባዶ የሆነ የቲቪ ቻናል ላይ እስከ 50 ሚሊዋት መስራት ትችላለህ፣ ሰው ቢረብሽህ ግን አቤት የምትልበት የለህም። አንድ ነገር ልብ በል፣ ዲሲ ዙሪያ ቻናል 17 እና 18፣ ማለትም ከ488 እስከ 500፣ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ሬዲዮ የተሰጠ ስለሆነ እዛ ድርሽ እንዳትል።

አዲስ ስትገዛም የማይኮቹን ፍሪኩዌንሲ እኩል እኩል አራርቀህ አትደርድር፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው። ሁለት ማይክ 540.0 እና 540.4 ላይ አብረው ሲበሩ 539.6 እና 540.8 ላይ የውሸት ሲግናል ይወልዳሉ፣ ሶስተኛውን 540.8 ላይ ካደረግከው አለቀልህ። ሪሲቨሩ ራሱ ስካን አድርጎ የሚመርጥልህ ግሩፕ (እርስ በርስ የማይረባበሹ ፍሪኩዌንሲዎች ስብስብ) አለው፣ አዳራሹ ውስጥ ማይኮቹን በሙሉ አጥፍተህ ስካን አድርግ፣ ከዛ አንድ በአንድ አብራ። አንቴናውን ከሰው ጭንቅላት በላይ አውጣው፣ ኤልኢዲ ስክሪን ጀርባ የሚደብቁት ሰዎች አሉ፣ ምን አስበው እንደሆነ እንጃ። ርካሾቹን ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ ለሰርግ አትመናቸው፣ ዋይፋይ የሚጠቀመውን አየር ነው የሚጠቀሙት፣ እንግዳው ሁሉ ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው።

ወደ አዲስ አበባ ስለመላኩ፦ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ጋር በአንድ የፍሪኩዌንሲ ክልል ውስጥ ናት፣ እዛ ከ470 እስከ 694 በዋናነት የቲቪ ነው፣ ስለዚህ ያንተ 626-668 እዛ እንዲያውም የተሻለ ቦታ ላይ ይወድቃል። ያ ማለት ግን ጭነህ ላክ ማለት አይደለም፣ ወንድምህ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቅ፣ ጉምሩክ ላይ ከመቆም ይሻላል። ከ902 እስከ 928 የሚሰራ ማይክ ካለህ ግን እሱን እዛው አሜሪካ ተጠቀምበት፣ እኛ ጋ ከ890 እስከ 915 የቱጂ (2G) ስልኮች የሚልኩበት ነው፣ ማይኩን የያዘው ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ራሱ ይረብሸዋል።