ኢኤስ 350 ወይስ 300ኤች? ጥያቄ ያላችሁ እዚህ አምጡ

ጋሽ ሞተር፦ ሰላም ናችሁ ወገኖች። በግል የሚመጣልኝ ጥያቄ በዛ፣ አንዱን ነገር ለአስር ሰው መድገም ሰለቸኝ። ስለዚህ እዚሁ እንጨርሰው። ርዕሱ ሌክሰስ ኢኤስ ነው። ቤንዚኑን 350 ልግዛ ወይስ ሃይብሪዱን (ቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አብሮ ያለውን) 300ኤች? ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ከ2013 እስከ 2018 ሞዴል ያለውን "አሮጌው"፣ ከ2019 ሞዴል ወዲህ ያለውን "አዲሱ" እላለሁ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልብ በሉ። ያገለገለ ሃይብሪድ ስካን (በኮምፒውተር ምርመራ) ሳታስደርጉ ቀብድ አትስጡ። ደግሞ "የትኛው ይሻላል?" ብሎ ብቻ ለሚጠይቀኝ አልመልስም። የት እንደምትነዱ፣ በዓመት ስንት ኪሎሜትር እንደምትሄዱ፣ ስንት ዓመት ልትይዙት እንዳሰባችሁ ጻፉ።

ናቲ ቮልት፦ ጋሽ ሞተር የትኛው ይሻላል?

ጋሽ ሞተር፦ ናቲ፣ ከላይ ያለውን አንብብና ተመለስ።

ሰብለ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ? የኔ መንገድ ቢሮ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤት ነው። ሁሉም ከተማ ውስጥ፣ ግማሹ ሰዓት ቆሞ መጠበቅ። በዓመት 15,000 ኪ.ሜ ገደማ እነዳለሁ። አዲሱን ነው የማስበው። የነዳጅ ልዩነቱ እንደሚወራው ነው ወይስ የሻጭ ወሬ ነው?

ጋሽ ሞተር፦ እግዚአብሔር ይመስገን እህቴ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለ2019 ሞዴል ያወጣውን ቁጥር ወደ ሊትር ስንመልሰው እንዲህ ይመጣል። 350ው ከተማ ውስጥ በ100 ኪ.ሜ 10.7 ሊትር ይጠጣል፣ ረጅም መንገድ ላይ 7.1። 300ኤች ከተማ ውስጥ 5.5፣ ረጅም መንገድ ላይ 5.2። ልብ በይ፣ ሃይብሪዱ የትም ብትነጂው ያው ነው ማለት ይቻላል። ከተማ ሲገባ የሚሰቃየው ቤንዚኑ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስትቆሚ የሃይብሪዱ ሞተር ይጠፋል፣ ስትንቀሳቀሺ መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ነው የሚነሳው፣ ፍሬን ስትረግጪ ደግሞ ሌላ መኪና ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ጉልበት ወደ ባትሪ ይመለሳል። ረጅም መንገድ ላይ ፍሬን የሚረግጥ ስለሌለ የሚመለስም የለም።

ስለዚህ ያንቺ 15,000 ኪ.ሜ ሁሉ ከተማ ከሆነ በዓመት 780 ሊትር ያህል ትቆጥቢያለሽ። ያንኑ ያህል ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ግን 285 ሊትር ገደማ ብቻ ነው የሚቆጥበው። በአካባቢሽ የሊትር ዋጋ አባዢው፣ ከዚያ የሁለቱን መኪኖች የዋጋ ልዩነት ለወጣው ቁጥር አካፍዪው፣ በስንት ዓመት እንደሚመልስ ይነግርሻል። ላንቺ ሃይብሪዱ ነው፣ አልጠራጠርም። ያገለገለ ከሆነ ግን ስካን ሳታስደርጊ ቀብድ እንዳትሰጪ።

ቪ6 ብቻ፦ ኧረ ተዉ እባካችሁ። ሌክሰስ የሚገዛ ሰው ሊትር ይቆጥራል እንዴ? 300ኤች ማለት አርማ የተለጠፈበት ታክሲ ነው። ቤንዚን ስትሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን እዚያው ነው።

ጸጥታ ወዳድ፦ አንተ ነድተኸዋል ወይስ ሰምተህ ነው? ሰው ቅንጡ ሴዳን የሚገዛው ጸጥታ ፈልጎ ነው። ቆሞ ሞተሩ ሲጠፋ ያለውን ዝምታ ቪ6 (የ350ው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር) አይሰጥህም።

ቪ6 ብቻ፦ ቆሞማ የኔም ጸጥ ይላል። እኔ የማወራው ስለሚሄድ መኪና ነው።

ጸጥታ ወዳድ፦ ትራፊክ መብራት ላይ ሩጫ የምትገጥም ከሆነ ሴዳን ምን ያደርግልሃል?

ጋሽ ሞተር፦ በቃ፣ በቃ። ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል። አዲሱ 350ው 302 የፈረስ ጉልበት አለው፣ 300ኤች ሁሉ ተደምሮ 215። ሌክሰስ ራሱ ባወጣው ቁጥር ከቆመበት ተነስቶ 96 ኪ.ሜ በሰዓት ለመድረስ 350ው 6.6 ሰከንድ፣ 300ኤች 8.1 ይወስድበታል። ልዩነቱ ይሰማል። ዳገት ላይ በሙሉ ጭነት ለመቅደም ስትሞክሩ ደግሞ በደንብ ይሰማል።

ጩኸቱን በተመለከተ ግን ሰው ሁሉ "ሲቪቲ (በቺንጊያ የሚሠራ ካምቢዮ) ነው፣ ቺንጊያው ይበጠሳል" ሲል እሰማለሁ፣ ይሄ ደሜን ያፈላዋል። በስም ነው እንጂ በአሠራር ከተለመደው ሲቪቲ ጋር አይገናኝም! ቺንጊያ የለውም። ፍሪሲዮን የለውም። የሚቀያየር ማርሽም የለውም። ጉልበቱን የሚያከፋፍለው አንድ ፕላኔተሪ ማርሽ ነው። መሃል ላይ አንድ ጥርስ፣ ዙሪያዋን የሚዞሩ ትንንሽ ጥርሶች፣ ከውጭ አንድ ቀለበት። ቤንዚን ሞተሩ ትንንሾቹን የተሸከመውን ክፍል ያዞራል። ኤምጂ1 የሚባለው የኤሌክትሪክ ሞተር መሃለኛዋ ላይ ነው። ኤምጂ2 ከቀለበቱ ጋር ሆኖ ጎማውን ይነዳል። የኤምጂ1ን ፍጥነት ከፍ ዝቅ በማድረግ ብቻ ሞተሩ በሚመቸው ዙር ይሠራል። ለዚህ ነው ቤንዚን ስትሰጡት ዙሩ ወጥቶ እዚያው የሚቆየው። እየተንሸራተተ አይደለም፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ቶዮታ ፕሪየስን በ1997 ሲያወጣ ያመጣው ሐሳብ ነው፣ እስከ ዛሬ መሠረቱን አልቀየረም።

በዚያ ላይ ኤምጂ1 ራሱ ቤንዚን ሞተሩን ስለሚያስነሳ ሞተሪኖ የለም። ዲናሞም የለም። ኤሲውና የውሃ ፓምፑ በኤሌክትሪክ ስለሆኑ ከፊት የሚበጠስ ቺንጊያ የለም። ፍሬን ሸራው ዕድሜው ይረዝማል። ሃይብሪድ ውስብስብ ነው የምትሉ ሰዎች፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ የሌለውን ነገር ቁጠሩ።

ቪ6 ብቻ፦ እሺ ጋሼ፣ ድምፁስ?

ጋሽ ሞተር፦ የቪ6 ድምፅ ያምራል። እሱን አልክድም። በ2025 ይፋ የሆነው አዲሱ ትውልድ ኢኤስ ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ ሆኖ ነው የመጣው። ቪ6 የምትፈልጉ ያለውን ያዙ።

ብሩክ 13፦ ነጭ ይሻላል ወይስ ጥቁር?

ጋሽ ሞተር፦ የምታጥበው አንተ ነህ።

ሄለን ኤም፦ ጋሼ፣ ሁሉም ሰው "ባትሪው በስምንት ዓመት ይሞታል፣ ያኔ ታለቅሻለሽ" ይለኛል። እውነት ነው?

ጋሽ ሞተር፦ የምጠብቀው ጥያቄ መጣ። ባትሪ በልደቱ ቀን አይሞትም ሄለን። የሚገድለው ሙቀት ነው። በአሮጌውም በ2019ኙም ውስጥ ያለው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ እንዲሞላም ባዶ እንዲሆንም አይፈቅድለትም። ከ40 እስከ 80 በመቶ አካባቢ ነው የሚያጫውተው። ስለዚህ በደንብ የተያዘ ባትሪ 200,000 ኪ.ሜ አልፎ ሲሠራ ማየት ብርቅ አይደለም።

አሁን ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ባትሪው የሚቀዘቅዘው በመኪናው ውስጥ ባለው አየር ነው። ከኋላ ወንበር አካባቢ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ወንፊት አለች፣ አዲሱ ላይ ከወንበሩ ስር ናት። ከጀርባዋ ፋን አለ፣ አየሩን ስቦ በባትሪው ውስጥ ያሳልፋል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ቦርሳ ትደግፉባታላችሁ። የሕፃን ብርድ ልብስ ትጥሉባታላችሁ። መስኮት ከፍታችሁ አቧራ መንገድ ትነዳላችሁ። ውሻም የሚጭን አለ። ፋኑ ሲፈታ ቅጠሎቹ ላይ ግራጫ አቧራና ፀጉር ተጋግሮ ታገኙታላችሁ፣ በጣት ሲነሳ እንደ ባዘቶ ተያይዞ ነው የሚመጣው። ያ ፋን ይዞራል እንጂ አየር አይስብም። ባትሪው ይግላል፣ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት አየር በደንብ የማይደርሳቸው መሃል ያሉት ክፍሎች ናቸው።

ምልክቱን እወቁት። ሲሞቅ ከኋላ ወንበር በኩል ፋን ሲጮህ ይሰማል። የባትሪው መጠን ስክሪኑ ላይ በደቂቃ ውስጥ ይሞላል፣ ወዲያው ይወርዳል። ቆማችሁ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይነሳል። ወንፊቷን ራሳችሁ በቫኪዩም ማጽዳት ትችላላችሁ፣ ማጣሪያ ካላት እሱንም። ፋኑን ማስፈታት ግን የሚያውቅ ሰው ዘንድ ነው። መጀመሪያ ሰርቪስ ፕለጉን (የትልቁን ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውን መሰኪያ) ነቅሎ ቢያንስ 10 ደቂቃ የማይጠብቅ መካኒክ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ሽቦ በምንም ተአምር አትንኩ።

ያሬድ፦ ጋሼ ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል?

ጋሽ ሞተር፦ ያሬድ!! ከአንተ በላይ ያለው መልስ ስለምን ይመስልሃል?

ያሬድ፦ ረዝሞብኝ ነው ጋሼ 😅

ጋሽ ሞተር፦ እንግዲያው የባትሪው ዕድሜም እንዲረዝምልህ ወንፊቷን አጽዳ።

አቤል፦ የጀርመኖቹም ሴዳኖች ላይ ሃይብሪድ የሚል አለ። ያው ነው?

ጋሽ ሞተር፦ አይደለም። 48 ቮልት የሚባለው ማይልድ ሃይብሪድ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን ያግዛል እንጂ መኪናውን ብቻውን ይዞ አይሄድም። ፕለግ ኢን ደግሞ ግድግዳ ላይ ካልሰካኸው ትልቅ ባትሪ ተሸክመህ ትዞራለህ ማለት ነው። የቀረው ከርዕሳችን ውጭ ነው።

ሩት፦ እኔ በሳምንት አንዴ ነው ረጅም መንገድ የምወጣው፣ 300 ኪ.ሜ ሄጄ እመለሳለሁ። በአዘቦት ቀን መኪና አልይዝም። ሻንጣም እጭናለሁ።

ጋሽ ሞተር፦ አንቺ 350ውን ውሰጂ። ቁጠባው ያን ያህል አይሆንልሽም። ለሻንጣም አሮጌው 300ኤች ባትሪው ከኋላ ወንበር ጀርባ ስላለ ፖርታ ባጋሊዮውን ይበላበታል። አዲሱ ላይ ባትሪው ወንበር ስር ስለገባ ሁለቱም እኩል ናቸው።

ጸጥታ ወዳድ፦ ጋሼ፣ ረጅም መንገድም ቢሆን ይቆጥባል እኮ፣ ለምን ታስቀሯታላችሁ?

ጋሽ ሞተር፦ በ100 ኪ.ሜ 1.9 ሊትር። አስልቼዋለሁ። አንተ ሃይብሪድ ስለወደድክ የሷ መንገድ ከተማ አይሆንም።

ካሳ፦ የወንድሜ 2008 350 አለ። ሃይብሪድ ፈርቼ እሱን ልገዛው ነው። ምን ልይ?

ጋሽ ሞተር፦ ከሁለቱ ትውልድ ውጭ ነው ግን ልመልስልህ። የዚያን ዘመን 3.5 ቪ6 ጠንካራ ሞተር ነው፣ በቼይን ነው የሚሠራው። አንድ ክፉ ነገር አለው። የቪቪቲ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል) ዘይት መስመሩ መሃሉ ጎማ ነበር። ጎማው ሲያረጅ ይቀደድና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ መሬት ላይ ያልቃል። ያላየ ሰው ሞተሩን ያቃጥለዋል። በኋላ ሙሉ ብረት በሆነ መስመር ተተክቷል። ኮፈኑን ክፈትና አስመርምር፣ ጎማ ካለው ሳትነዳው አስቀይረው። ወንድምህም ቢሆን ይመርመር።

ማርታ፦ ሦስት ወር ልሄድ ነው፣ ሃይብሪዴ ቆሞ ባትሪው ይሞታል?

ጋሽ ሞተር፦ ትልቁ አይደለም፣ የሚሞተው ትንሹ 12 ቮልቱ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው "ሬዲ" አይልም። ለሰው አደራ በይና በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት ያህል ሬዲ ላይ ያቁመው። ሬዲ ማለት ቁልፉን መክፈት ብቻ አይደለም፣ ፍሬን ረግጦ ማስነሳት ነው። ቤንዚን ሞተሩ ባይነሳም ይሞላል። ከጋራዥ ውጭ ይሁን፣ ሞተሩ በራሱ ሊነሳ ይችላል።

ቪ6 ብቻ፦ የኔን ገመድ ስቦ ነው የሚያስነሳው፣ ችግር የለም 😂

ጋሽ ሞተር፦ ሳቅ ነው የመሰለህ። የፊት ጎማው መሬት ላይ ሆኖ ሃይብሪድ ከተጎተተ ኤምጂ2 ይዞራል፣ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ዕቃ ያቃጥላል። የፊት ጎማው ተነስቶ ወይም መኪናው ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ነው የሚወሰደው። ያንተንም አውቶማቲክ ካምቢዮ በገመድ አታስጎትት።

ፍቃዱ፦ የትኛው ነው በኋላ ጥሩ የሚሸጠው?

ጋሽ ሞተር፦ እሱን ደላላ ጠይቅ።

ዳዊት ዲ፦ ጋሼ የርስዎን ምክር ሰምቼ ቀብድ ሳልሰጥ ስካን አስደረግኩ። 2014 300ኤች፣ 160,000 ኪ.ሜ ይላል። ባትሪው 17 ብሎክ አለው፣ እያንዳንዱ ብሎክ የሞጁሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) ጥንድ ነው። ቤንዚን ሰጥተነው ስንነዳ ሁሉም 14.6 ቮልት አካባቢ ናቸው፣ ዘጠነኛው ብቻ 13.2 ወረደ። ሻጩ "የሞተውን አንድ ሞጁል አስቀይርልሃለሁ፣ ከዋጋውም እቀንሳለሁ" አለኝ።

ጋሽ ሞተር፦ ዳዊት ተባረክ፣ ከሁሉም የሠራኸው አንተ ነህ። 1.4 ቮልት ልዩነት ብዙ ነው። ከ1 ቮልት ካለፈ ያ ብሎክ ደክሟል። ደግሞ ተመልከት የትኛው እንደሆነ። ከ17ቱ ዘጠነኛው መሃሉ ነው፣ ሙቀት የበላው ነው። አንድ ሞጁል ብቻ ቢቀየር አዲሱ ከአሮጌዎቹ ጋር አይስማማም፣ ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቱ ይሞታል፣ ከዚያ ሌላው። እንዲህ እያሉ ሲቀያይሩ የሚኖሩ ሰዎች አውቃለሁ። ሻጩ የሙሉ ባትሪ ዋጋ ይቀንስልህ፣ አለዚያ ትተህ ሂድ።

ዳዊት ዲ፦ የሙሉ ባትሪውን ሊቀንስ ተስማማ ቢባልስ? መኪናው ንጹህ ነው፣ ውስጡ ያበራል።

ጋሽ ሞተር፦ ያኔ ግዛው። ግን አዲሱ ባትሪ ከመግባቱ በፊት ፋኑ ተፈትቶ ይታጠብ፣ አለዚያ አዲሱንም ትቀቅለዋለህ። ስካኑ ላይ የባትሪውን ሙቀት መጠንም ያሳያል፣ ስንት ነበር?

ዳዊት ዲ፦ እሱን አላየሁም።

ጋሽ ሞተር፦ ተመለስና እየው። ኤሲ ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ። ሻጩ ከኋላ ወንበር ላይ ዕቃ ካለው አስነሳው።