ከቧንቧ ውሃ ለጻፈልን ወጣት፤ ስለ ቀላው የምረቃ ፎቶ

ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ አካባቢ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅክ ሁለት ዓመት ሆኖሃል። ሥራ ስታጣ ያገለገለ ፕሪንተር ገዝተህ፣ ካርትሪጁን፣ ማለትም የቀለም መያዣውን፣ በሲሪንጅ እየሞላህ ከእናትህ ሳሎን ማተም ጀመርክ። ለጎረቤታችሁ ለእትዬ የልጃቸውን የምረቃ ፎቶ በኤ4 አትመህ ሰጠሃቸው። ስምንት ወር ሳይሞላው የልጅቷ ፊት ቀልቶ፣ ጥቁሩ ጋዋን ቡናማ ሆኖ አገኘኸው፤ ገንዘባቸውንም መለስክ። አሁን የምትጠይቀኝ «ይህ ሥራ አልሆነኝም፤ አዲስ አበባ ሄጄ ሌላ ልፈልግ?» እያልክ ነው።

አዲስ አበባ ትደርስበታለህ፤ በዚህ ፎቶ የተነሳ ግን አትሂድ። ገንዘቡን መመለስህ ያስመሰግንሃል። ያጠፋኸው ፎቶውን ከእትዬ ተቀብለህ፣ ጠረጴዛህ ላይ ዘርግተህ «ለምን ቀላ?» አለማለትህ ነው።

በሲሪንጅ የምትሞላው ባለቀለሙ ፈሳሽ በአብዛኛው ዳይ የሚባለው ዓይነት ነው። ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ሁሉ ሟሙቶ ያለ ቀለም ስለሆነ ይደምቃል፤ ብርሃንና አየር ግን ቶሎ ያፈርሱታል። ፒግመንት የሚባለው ሳይሟሟ ፈሳሹ ውስጥ የሚዋልል ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ይቆያል። ከሦስቱ ቀለሞች ብዙ ጊዜ ለአየር ቀድሞ የሚሸነፈው ሲያን፣ ማለትም ሰማያዊው ነው። እሱ ሲሄድ ቀዩና ቢጫው ይቀራሉ፤ ፊት ይቀላል። ጋዋኑም ቡናማ የሆነው አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ፕሪንተርህ ጥቁሩን ከሦስቱ ቀለሞች ቀላቅሎ ስለሚሠራው ነው። ወረቀቱ ራሱ ወዲያው የሚደርቅ ከሆነ ላዩ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ አየሩን ይስባል። በዚያ ላይ ፎቶው ያለ መስታወት፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ከረከቦቱ በላይ ተሰቅሏል ብለኸኛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየቀኑ የከሰል ጭስ! ይህን ያህል መቆየቱም ይገርማል።

እኔም አማካሪ ከመሆኔ በፊት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ሠርቻለሁ። ፒግመንት ይቆያል ሲሉኝ ለዳይ በተሠራ ፕሪንተር ውስጥ ሞልቼ በሁለት ሳምንት ሄዱን፣ ማለትም ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨውን ክፍል፣ ደፍኜዋለሁ። ስለዚህ ጠርሙስ ላይ «ለሁሉም ፕሪንተር» የሚል ጽሑፍ ስታይ ቦርሳህን ዝጋ።

አሁን አንድ ነገር አድርግ። አንድ ፎቶ ሁለት ጊዜ አትም። አንዱን ግማሹን በካርቶን ሸፍነህ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ለጥፈው፤ ሌላውን መጽሐፍ ውስጥ ክተተው። ከጀርባቸው ቀኑን፣ ቀለሙንና ወረቀቱን ጻፍ። በየሳምንቱ አስተያይ። ሁለት ወር ሲሞላው ካርቶኑን አንሳና ለደንበኛ የምታሳየው ናሙና አድርገው። «ይህ ቀለም መስኮት ላይ ይህን ይሆናል» ብሎ አስቀድሞ የሚናገር አታሚ እኔ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ብትሆን ደንበኛህ እሆናለሁ።

ካርትሪጅህ ከነሄዱ የሚወጣ ስለሆነ ቀለሙን የሚተፋው በሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የካኖኑ ኢቺሮ ኤንዶ ቀለም ያለበት ሲሪንጅ በጋለ መበየጃ ቢነካ ቀለሙ ሲፈናጠር አይቶ ነው ዘዴው የተጀመረው ይባላል። ያ ሙቀት ቀለም ካላገኘ የሚያቃጥለው ራሱን ሄዱን ነው። ስለዚህ ቀለሙ ጨርሶ ሳይደርቅ ሙላ፤ ቀስ ብለህ፣ ስፖንጁ እስኪጠግብ ብቻ። ባለሦስት ቀለሙን ካትረፈረፍከው ቢጫው ውስጥ ሰማያዊ ይገባና የሰው ፊት አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል።

ሌላው መብራት ነው። ፕሪንተሩን በራሱ ቁልፍ አጥፋ እንጂ ከማከፋፈያው አትንቀለው። በቁልፉ ሲጠፋ ሄዱ ወደ ማረፊያው ተመልሶ ይከደናል፤ ሲነቀል ግን ባለበት ተራቁቶ ይደርቃል። መብራት እያተምክ ከሄደም ሲመለስ ወዲያው አብራው።

ባለታንክ ፕሪንተር፣ ማለትም ቀለሙ ከጠርሙስ በቀጥታ የሚሞላበትን፣ ልግዛ ወይ ላልከው፣ ወደፊት አዎ። አምራቾቹ ራሳቸው በሚሰጡት ግምት የኤችፒ 123 ጥቁር ካርትሪጅ 120 ገጽ ያህል ሲያትም፣ የኤፕሰን 003 ጥቁር ጠርሙስ 4,500 ገጽ ያህል ያትማል። ነገር ግን የ003 ቀለምም ዳይ ነው፤ የፎቶ መቅላትን አያድንህም። ሄዱም ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከተደፈነ ወጪው ከባድ ነው። መጀመሪያ በዚህ በአሮጌው ተማር።

እስከዚያው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ አትቀበል፤ ተቀብለህ ፎቶ ቤት አሳትምና ትንሽ ድርሻህን ያዝ። ለአንተ የሚሆነው ሲቪ፣ ማመልከቻ፣ የጥናት ጽሑፍ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ ስላለው የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሥራ አይጠፋም። የጥቁር ካርትሪጅህን ጠርሙስ ግን ፒግመንት መሆኑን አረጋግጥ፤ ዳይ ከሆነ ማመልከቻው ክረምት ላይ አንድ የዝናብ ጠብታ ሲያገኘው ይዘረጋል። «ሰርተፍኬቴ ላይ ውጤቷን አስተካክልልኝ» የሚል ሰው ይመጣብሃል፤ ዘመድም ቢሆን በሩን አሳየው። ወንጀል ነው፤ ንግድ ፈቃድ ልታወጣ ያሰብክበትን ስምህንም ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ የምመክርህ ጥገናውን ነው። ፕሪንተር ሞልቶ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም፤ ሄዱን አጥቦ፣ የቆሻሻ ቀለም መምጠጫውን ለውጦ እንደገና የሚያስነሳው ግን በእኔ ዕይታ ጥቂት ነው። በሳምንት ሁለት ከሰዓት አንድ ጠጋኝ ዘንድ ሂድና ያለ ክፍያ ላግዝህ በለው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ እጁ ቀለም ቢነካ አያፍርም፤ ስድስት ወር ከሠራህ በኋላ ሲቪህ ላይ የምትጽፈው ነገር ይኖርሃል። በዚያው ስድስት ወር የሥራ ማስታወቂያ ማመልከትህን አታቋርጥ።

ለእትዬ ደግሞ የልጃቸውን ፎቶ ፎቶ ቤት አሳትመህ፣ መስታወት ባለው ፍሬም አድርገህ ውሰድላቸው። ቡና ካቀረቡልህ ሦስቱንም ጠጣ፤ ፎቶውን ግን ከረከቦቱ በላይ እንዳይመልሱት ለምናቸው።