ላይክ ሞልቷል፣ ስልክ ግን አይጠራም

«ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን እጠግናለሁ» ይላሉ አንድ አንባቢ። «ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፤ ያልከፈትኩት ገጽ የለም። በየሳምንቱ ፖስት አደርጋለሁ፣ ስችልም ለብዙ ሰው እንዲታይ ከፍዬ ቡስት አደርጋለሁ። ላይክ ሞልቷል፣ ስልክ ግን አይጠራም። የቱን ልያዝ፣ የቱን ልተው?»

ገጾቹን ለጊዜው ይርሷቸውና ደንበኛዎን ያስቡ። ፍሪጁ ሌሊት ቀጥ ብሏል። ጠዋት ሲከፍተው ያስቀመጠው ሁሉ ሞቋል፣ ወለሉ ረጥቧል። ይህ ሰው ቲክቶክ ከፍቶ የጥገና ቪዲዮ እስኪመጣለት አይጠብቅም። ወይ የሚያውቀውን ሰው ይጠይቃል፣ ወይ ጉግል ላይ «ፍሪጅ አይቀዘቅዝም» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ቀድሞ ስልክ ላነሳለት ሥራውን ይሰጣል።

የእርስዎ ሙያ ሰው ሲቸግረው የሚፈለግ ነው። ማሽኑ ደህና እየሠራ የጥገና ማስታወቂያ ያየ ሰው ላይክ ሊያደርግ ይችላል፤ ግን ምን ብሎ ይደውላል? ልብስ ወይም ጌጣጌጥ ቢሸጡ ምክሬ ሌላ ነበር። እዚያ ሰው ባላሰበው ሰዓት ዓይኑ ያርፍበትና ልቡ ይከጅላል፤ ለዚህ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ይመቻሉ። ለእርስዎ ግን መነሻው ፍለጋ ነው።

በነፃው ይጀምሩ። በጉግል ላይ የንግድ ፕሮፋይል ይክፈቱ፤ ካርታው ላይ የሚያወጣዎት እሱ ነው። ጉግል በአካባቢ ፍለጋ ማንን እንደሚያስቀድም ሲወስን ሦስት ነገር ያያል፦ ሥራዎ ከተፈለገው ጋር መግጠሙን፣ ርቀቱን እና ምን ያህል የታወቁ መሆንዎን። ርቀቱን መለወጥ አይችሉም። ሁለቱ ግን በእጅዎ ናቸው። የሥራ ዓይነቱን በትክክል ይምረጡ፣ ሰዓትዎን ይሙሉ፣ የሚሠሩበትን አካባቢ ይግለጹ። ቤት ለቤት የሚሠሩ ከሆነ አድራሻዎን መደበቅ ይቻላል። ጠግነው ሲጨርሱ ደግሞ አስተያየት መስጫውን ሊንክ ለደንበኛው ወዲያው ይላኩለት። በቅናሽ ወይም በስጦታ አስተያየት መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ፈጽሞ አይሞክሩት።

ከዚህ ቀጥሎ የሚከፈልበት የፍለጋ ማስታወቂያ ይመጣል፦ ቃላት ይመርጣሉ፣ ሰው ጉግል ላይ እነሱን ሲጽፍ ማስታወቂያዎ ይታየዋል፣ ሲነካው እርስዎ ይከፍላሉ። ገንዘብ ሜዳ ላይ የሚቀረው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

«ፍሪጅ» የሚለውን ቃል ብቻ መርጠው ከተቀመጡ፣ «የፍሪጅ ዋጋ» ብሎ የጻፈውም ማስታወቂያዎን ያያል። እሱ አዲስ ሊገዛ ነው። «ያገለገለ ፍሪጅ» ያለውም እንደዚያው። «የፍሪጅ ጥገና ስልጠና» ያለው ሙያውን ሊማር ነው። ሁሉም ነክተው ያስከፍሉዎታል፣ ማንም ግን አያሠራዎትም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰዎች በትክክል ምን ብለው እንደጻፉ የሚያሳየውን ሪፖርት ቶሎ ቶሎ ይክፈቱ። የማይሆኑትን በሚታገዱ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «ዋጋ» የሚለውን ቃል ለብቻው አያግዱ። «የፍሪጅ ጥገና ዋጋ» ብሎ የሚጽፈው ሰው ዋነኛ ደንበኛዎ ነው። የሚያግዱት «የፍሪጅ ዋጋ» የሚለውን ሐረግ ነው።

ሁለት ቅንብሮችም አሉ። ጉግል ሳይነገረው በአካባቢዎ ያለውን ሰው ብቻ ሳይሆን ስለ አካባቢዎ ፍላጎት ያሳየውን ሁሉ ይጨምራል፤ እዚያው ላለ ሰው ብቻ እንዲታይ ይቀይሩት። ማስታወቂያው የሚታይበትን ሰዓትም ስልክ በሚያነሱበት ሰዓት ይገድቡት። ያልተነሳ ስልክ የተከፈለበት ኪሳራ ነው።

ቡስቱ ለምን ስልክ አላመጣም? ሲስተሙ የጠየቁትን ስለሰጠዎት ነው። ግቡን «ተሳትፎ» ካደረጉት፣ ላይክ የማድረግ ልማድ ያላቸውን ሰዎች ፈልጎ ያሳይልዎታል። ከዚህም ሌላ የሜታ (የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት) ማስታወቂያ ተስማሚውን ሰው ለይቶ እስኪያውቅ የመማሪያ ጊዜ አለው። ከዚያ ለመውጣት በሳምንት ውስጥ ወደ 50 የሚጠጉ ውጤቶች፣ ማለትም እርስዎ ግብ ያደረጉት ነገር (ለምሳሌ መልእክት)፣ ያስፈልጉታል። ትንሽ በጀት አምስት ቦታ ሲበጣጠስ አንዱም እዚያ አይደርስም። ቡስቱን ያቁሙ። ገጾቹን አይዝጉ፤ ስምዎን ሰምቶ የሚያጣራ ሰው ስለሚመጣ ስልክዎና የሥራ ሰዓትዎ ከላይ ተለጥፎ ይቆይ። ሳምንታዊው ፖስት ግን ይቅርብዎ።

የድሮ ደንበኞችዎን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። አንዴ የጠገኑለት ሰው ከማንም ይበልጥ ያምንዎታል። ፈቃዱን ጠይቀው ስልኩን፣ የማሽኑን ዓይነትና የተጠገነበትን ቀን ይመዝግቡ። ከወራት በኋላ «ማሽኑ እንዴት ነው?» የሚል አጭር መልእክት ይላኩ። ዝርዝሩ በራስዎ እጅ ይሁን። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋርጠው ነበር። ደንበኛውን በእነሱ ብቻ የያዘ ነጋዴ ያን ቀን ማንንም ማግኘት አልቻለም። በነገራችን ላይ ኦንላይን ባይሆንም፣ በጠገኑት ፍሪጅ ጎን ላይ ስልክዎ ያለበት ስቲከር ይለጥፉ። ማሽኑ ዳግም ሲበላሽ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ለደወለ ሁሉ «የት አገኙን?» ይበሉና በደብተር ይጻፉ። የኮምፒውተሩ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ሰው ሊንክዎን በቴሌግራም ለወዳጁ ሲልክለት ብዙ ጊዜ ከየት እንደመጣ አይመዘገብም። አይፎኖችም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ አፖች ተጠቃሚውን ከመከታተላቸው በፊት ፈቃዱን እንዲጠይቁ ያስገድዳሉ፤ እምቢ ያለው ሰው ከየትኛው ማስታወቂያ እንደመጣ በቁጥሩ ላይ ላይታይ ይችላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እንበል 60 ሰው ማስታወቂያውን ነካ፣ 12ቱ ደወሉ፣ 4ቱ አስጠገኑ። ለ60ው የከፈሉትን በሙሉ ለ4 ያካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ከአንድ ጥገና ከሚተርፍዎት ማነስ አለበት። ደዋዩ ብዙ ሆኖ የሚያስጠግነው ካነሰ፣ ችግሩ ማስታወቂያው ላይ ሳይሆን ስልክ አነጋገሩ ወይም ዋጋው ላይ ነው።

ሁለተኛ መድረክ መቼ ልጨምር ካሉኝ፣ ፍለጋው ጣሪያውን ሲነካ እላለሁ። ሥራዎን የሚፈልጉ ሰዎች ቁጥር የተወሰነ ነው። ማስታወቂያዎ ሊታይ ከሚችልባቸው ፍለጋዎች ስንት በመቶው ላይ እንደታየ የሚነግር አሃዝ አለ። እሱ ከፍ ብሎ ሳለ በጀት ሲጨምሩ ደዋይ ካልጨመረ፣ ያኔ ወደ ዩቲዩብ ይሂዱ። እዚያም ሰው እየጻፈ መፍትሔ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ብልሽት አንድ አጭር ቪዲዮ ይሥሩ፣ ርዕሱንም ደንበኛው በሚጽፈው ቃል ያድርጉት፦ «ማሽኑ ውኃ አያወጣም»፣ «ፍሪጁ ድምፅ ያሰማል»።