የሚያፈስ የዓሳ ገንዳ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ወንድሜ፣ 100 ሊትር የሚይዘው ገንዳህ ከታች በማዕዘኑ እያፈሰሰ ነው፣ ሲሊከን (የመስታወት ማጣበቂያ) ልደርብበት ወይ ብለሃል። በፍጹም አትደርብበት፣ ገንዳውን ቀይረው። አዲስ ሲሊከን በደረቀው በአሮጌው ላይ በደንብ አይያዝም፤ ዛሬ ቢያቆምልህ እንኳ አንድ ሌሊት 100 ኪሎ ውሃ ሳሎንህ ላይ ይለቅብሃል፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የታችኛው ጎረቤትም አለ። አሁኑኑ ዓሳዎቹን ከነውሃቸው ወደ ንጹህ ባልዲ አዛውርና የአየር ፓምፑን ቱቦ ክተትላቸው። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ እንዳታጥበው፣ ክሎሩ ውሃውን የሚያጣሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጨርሳቸዋል።

አዲሱን ገንዳ የትም ግዛው፣ መገጣጠሚያውን በስልክህ መብራት ፈትሽ። ሲሊከኑ ውስጥ የአየር አረፋ ካየህ ተወው። ገንዳውን መስታወት ቤት ካሠራህ ፀረ-ሻጋታ የተጨመረበትን የመታጠቢያ ቤት ሲሊከን እንዳይጠቀሙ ንገራቸው፣ ዓሳ ይጎዳል። ማስቀመጫውን በውሃ ልክ አስተካክል። ከዚያ ሞልተህ ዓሳ ሳታስገባ ቢያንስ 24 ሰዓት አቆየው፤ ዙሪያውን ደረቅ ጋዜጣ አንጥፍ፣ ጠብታ ካለ ወዲያው ይታይሃል።